ትሩ እና ፎልስን የሊስት ኢንዴክስ ስናደርግ የሚያሳስቱን ነገሮች

ፓይተን ውስጥ ቡሊያን (ትሩ ወይም ፎልስ የሚሆን ዋጋ) የኢንቲጀር፣ ማለትም የሙሉ ቁጥር፣ ዘር ነው፤ ፎልስ 0፣ ትሩ 1 ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ኢንዴክስ (ከ0 የሚጀምር የሊስት ቦታ ቁጥር) አድርጋችሁ ብታስገቡት ያለ ቅሬታ ይቀበላል። ለአንድ የፒያሳ ካፌ የሒሳብ ፕሮግራም እየጻፋችሁ ነው እንበል፤ ለቫት ከተመዘገበ 15 በመቶ፣ ካልተመዘገበ 0፦

ተመን = [0, 15][ተመዝጋቢ]

(ፓይተን 3 የአማርኛ ስያሜ ስለሚቀበል መስመሩ እንዳለ ይሠራል።)

ቅደም ተከተል መገልበጥ። በአፋችን «ከተመዘገበ 15፣ ካልሆነ 0» ስለምንል እጃችን [15, 0] ይጽፋል። የሊስቱ የመጀመሪያ ቦታ ግን የፎልስ ነው። ኤረር አይመጣም፤ ያልተመዘገበው ካፌ የማይፈቀድለትን ቫት ይሰበስባል። ሁለቱንም ሁኔታ አስገብታችሁ ሞክሩ።

የማይመረጠው ወገን አይሰላም ብሎ ማሰብ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጓደኛሞች የማኪያቶ ሒሳብ ሲካፈሉ፦

ድርሻ = [ሒሳብ / ሰው, 0][ሰው == 0]

ሒሳቡ 320፣ ሰዉ 4 ሲሆን 80.0 ይወጣል። ሰው 0 ሲሆን 0 የሚመልስ ይመስላል፤ ነገር ግን ፓይተን ሊስቱን ሠርቶ ሳይጨርስ ወደ መምረጡ አይሄድም። ማካፈሉ ላይ ዜሮዲቪዥንኤረር ብሎ ይቆማል። ፋንክሽን ሲሆን ደግሞ ይብሳል፦

[አትም(), ሰርዝ()][ተሰርዟል]

ደረሰኙን አትሞ ወዲያው ይሰርዘዋል፣ የተሰርዟል ዋጋ ምንም ይሁን ምን። የመጥሪያውን ቅንፍ ወደ መጨረሻ አውጡት፦

[አትም, ሰርዝ][ተሰርዟል]()

ለማካፈሉ ግን በአንድ መስመር የሚጻፈው ኢፍ-ኤልስ ይሻላል፤ የተመረጠውን ብቻ ያሰላል።

ቡሊያን ያልሆነ ነገር ማስገባት። ኢፍ የፈለገውን ዋጋ ወደ እውነት ወይም ሐሰት ይመነዝራል፤ ኢንዴክስ አይመነዝርም። ሁለት አባላት ባሉት ሊስት 2 ቢገባ ኢንዴክስኤረር፣ ነን (None፣ «ምንም» የሚለው ዋጋ) ቢገባ ታይፕኤረር ነው። እነዚህስ ይታያሉ፤ -1 ግን ድምፁን አጥፍቶ የመጨረሻውን ይሰጣችኋል። በቡል ፋንክሽን አሳልፉት። ከፋይል የተነበበ «ፎልስ» የሚል ጽሑፍ ግን ባዶ ስላልሆነ ቡል ትሩ ያደርገዋል፤ እሱን «ትሩ» ከሚለው ጽሑፍ ጋር አነጻጽሩ።

በኖት ፋንታ ~ (የቁጥርን ቢቶች የሚገለብጠውን ምልክት) መጠቀም። ~ትሩ -2፣ ~ፎልስ -1 ነው። ሁለት አባላት ባሉት ሊስት እነዚህ አንደኛውና ሁለተኛው ስለሆኑ በአጋጣሚ ልክ ይመጣል! ሦስተኛ አባል የተጨመረ ቀን ይዛባል። ከ3.12 ጀምሮ ፓይተን ራሱ ማስጠንቀቂያ ያወጣል።

የነምፓይ (NumPy፣ የፓይተን የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) አሬይ ላይ ደግሞ ትሩ ጭራሽ 1 ማለት አይደለም፤ ቅርጹ (2,) የነበረውን (1, 2) ያደርገዋል።