ለብርድ ወቅት አደን ተርማል እንዴት ይመረጣል?

በአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት የአጋዘን የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በኖቬምበር መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት መጨረሻ ነው። መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ በመሆኑ፣ አዳኙ ገና በጨለማ ወደ ጫካው ይገባል፤ አጋዘኑን ከፍ ብሎ የሚጠብቅበት ማማ ላይ ከወጣ በኋላም ለረጅም ሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። በግዛቱ ሰሜናዊ ክፍል በዚያ ሰዓት ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሲየስ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ይህን አደን ሊጀምር ያሰበ ሰው ገበያ ሲወጣ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ወፍራሙ ጃኬት ላይ ቢሆን አይፈረድበትም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ማማው ላይ መቆየት መቻሉንና አለመቻሉን በአብዛኛው የሚወስነው ከገላው ጋር ተጣብቆ የሚውለው ስስ ልብስ፣ ማለትም ተርማሉ ነው።

ምክንያቱ የአደኑ ቀን ለሁለት የተከፈለ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ክፍል አዳኙ ጠመንጃና ቦርሳ ተሸክሞ በበረዶና በቁጥቋጦ መካከል ይጓዛል፤ ስለዚህ ያልበዋል። በሁለተኛው ክፍል ያንኑ ላብ ለብሶ ይቀመጣል። ውኃ ሙቀትን ከገላ የሚወስድበት ፍጥነት ከአየር ጋር ሲነጻጸር ሃያ አምስት እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ከላይ የተደረበው ልብስ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ገላ ላይ የቀረው እርጥበት ሥራውን ያበላሽበታል። ስለዚህ ተርማል ሲመረጥ መቅደም ያለበት ጥያቄ «ምን ያህል ያሞቃል?» የሚለው ሳይሆን «ላቤን ምን ያደርገዋል?» የሚለው ነው።

እርጥበትና ብርድ ሲገናኙ ምን እንደሚያደርሱ ሚኒሶታ በከባድ ዋጋ ተምራለች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1940 ጠዋቱ ለወቅቱ ያልተለመደ ሙቀት ስለነበረው ብዙ ዳክዬ አዳኞች ሳሳ ያለ ልብስ ለብሰው ወደ ሐይቆችና ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ወጥተው ነበር። ቀኑ ሲገፋ ዝናብ መጣ፤ ዝናቡ በኃይለኛ ነፋስ ታጅቦ ወደ በረዶ ማዕበል ተለወጠ። በሚኒሶታ ብቻ 49 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ዳክዬ አዳኞች ነበሩ።

ከጨርቆች ሁሉ አስቀድሞ መወገድ ያለበት ጥጥ ነው። ይህ በጋቢ ላደገ ሰው ወዲያው አይዋጥለትም፤ ጋቢ ጥጥ ሆኖ ሳለ የደጋውን ውርጭ ሲመክት አይተናልና። ጋቢ የሚያሞቀው ግን ደረቅ ሆኖ ከላይ ስለሚደረብና በእጥፎቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ጥጥ ከገላ ተጣብቆ ላብ ሲጠጣ አየር የነበረበት ቦታ በውኃ ይሞላል፤ ቶሎም አይደርቅም። ስለዚህ መደብሩ ውስጥ ልብሱን በእጅ ዳብሶ ልስላሴውን ከማድነቅ በፊት በውስጡ የተሰፋውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል፤ ተርማል ተብለው ከሚሸጡት ርካሽ ልብሶች መካከል አብዛኛው ክራቸው ጥጥ የሆነ አይጠፉምና።

ምርጫው እንግዲህ ሜሪኖ ከሚባለው በግ በሚገኘው ሱፍና ሰው ሠራሽ በሆነው ፖሊስተር መካከል ነው። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል እርጥበት ወደ ክሩ ውስጥ ቢያስገባም ገላን የመርጠብ ስሜት አያሳድርም፤ እርጥበቱን በሚስብበት ጊዜም መጠነኛ ሙቀት ያመነጫል። ሱፍ ሲባል የመንዝን ባና ወይም በርኖስ የሚያስታውስ አንባቢ «እሱማ ይኮሰኩሳል» ማለቱ አይቀርም፤ እውነቱንም ነው። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ በመሆኑ ከላይ ለሚደረብ ልብስ እንጂ ለገላ አይመችም። የሜሪኖ በግ ጠጉር ግን እጅግ ቀጭን ነው፤ ውፍረቱ ከ19 ማይክሮን ገደማ በታች ሲሆን አብዛኛው ሰው መኮስኮሱን አያውቀውም። ሌላው ጥቅሙ የላብ ሽታን ቶሎ አለመያዙ ነው፤ አጋዘን በአፍንጫው የሚኖር እንስሳ ስለሆነ ለተከታታይ ቀናት ጫካ ለሚያድር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ የነፋሱን አቅጣጫ ሳያይ የተቀመጠን አዳኝ ምንም ዓይነት ልብስ አያድነውም።

ፖሊስተር በበኩሉ ውኃን ወደ ክሩ አያስገባም ማለት ይቻላል፤ ላቡን በጨርቁ ገጽ ላይ ስለሚዘረጋው ቶሎ ይደርቃል። ዋጋውም ዝቅ ያለ፣ ጥንካሬውም የተሻለ ነው፤ ሜሪኖ ግን ውድ ከመሆኑ በላይ በብብትና በክርን በኩል ቶሎ ይሳሳል። የፖሊስተር ትልቁ ጉድለት ሽታው ነው። ረጅም መንገድ የሚጓዝና ብዙ የሚያልበው፣ ማታም ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ፖሊስተርን ቢመርጥ አላጠፋም። አጭር መንገድ ሄዶ ረጅም ሰዓት ለሚቀመጥ ግን በእኔ አስተያየት ሜሪኖ ወይም ሱፍና ፖሊስተር የተቀላቀሉበት ጨርቅ ይሻላል።

የጨርቁ ውፍረት ብዙውን ጊዜ በግራም በካሬ ሜትር ይጻፋል፤ 150 ገደማ ስስ፣ 200 መካከለኛ፣ 250 እና ከዚያ በላይ ወፍራም ይባላል። አዲስ ገዢን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ያለው ጥድፊያ ነው፤ ወፍራሙን ለብሶ መንገዱን ይጀምርና ማማው ሥር ሲደርስ ጀርባው ርሶ ይገኛል። የተሻለው መንገድ በስሱ ተርማል ትንሽ እየበረደው መጓዝ፣ 250 የሆነውንና ጃኬቱን በቦርሳ መያዝ፣ እንደ ደረሰም ትንፋሹን ሰብስቦ ላቡ ጋብ ሲል መደረብ ነው። መለወጫ ስስ ከነቴራ በቦርሳ የያዘ ሰው ደግሞ የረጠበውን አውልቆ ደረቅ ሊለብስ ይችላል፤ ቅዝቃዜው የሚሰማው ለአፍታ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በሚኒሶታ ሕግ በጠመንጃ አደን ወቅት ቆቡና ከወገብ በላይ ያለው የላይኛው ልብስ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መሆን ስላለበት፣ ጃኬቱን ቦርሳ ውስጥ የከተተ ሰው በተርማሉ ላይ የዚያን ቀለም ሰደርያ ሳይደርብ መጓዝ የለበትም።

ለእግር የሚለበሰው ሱሪ ከላይኛው አንድ ደረጃ ቢወፍር ጥሩ ነው፤ ሲቀመጡ ጭንና መቀመጫ ላይ ያለው ልብስ ስለሚጨፈለቅ አየር የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ከተርማሉ ሥር የጥጥ ፓንት ወይም የጥጥ ጡት መያዣ ማድረግ ግን የተገዛውን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። ካልሲም እንዲሁ ሱፍ ይሁን፤ ነገር ግን ሁለት ደርቦ ጫማን ማጥበብ የደም ዝውውርን ስለሚያውክ እግርን የባሰ ያቀዘቅዛል።

ልክን በተመለከተ ልብሱ ገላን መንካት አለበት እንጂ መጭመቅ የለበትም። መደብሩ ውስጥ ለብሰው ሁለቱንም እጆችዎን ወደ ላይ ያንሡ፤ ቁጢጥ ብለው ይቀመጡ፤ ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው ትከሻዎን ያስተካክሉ። ወገብ ከተገለጠ ወይም እጅጌው ከክንድ ከሸሸ ይተዉት። ጀርባው ረዘም ያለ፣ አንገቱ ላይ አጭር ዚፕ ያለው ይመረጣል፤ ዚፑ በጉዞ ላይ ተከፍቶ ሙቀት ያስወጣል፣ ሲቀመጡ ይዘጋል። በትከሻው ላይ ስፌት የሌለበት ቢሆን የጠመንጃው ሰደፍና ማማ ላይ የሚታሰረው የደኅንነት ቀበቶ አይቆረቁሩም።

በኖቬምበር መጨረሻ በሚጀምረው በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ የሚካሄድ አደን ላይ የሚሳተፍ ኦርቶዶክሳዊ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስብ፤ ወቅቱ ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል። ሰውነት ሙቀት የሚሠራው ከምግብ ስለሆነ፣ ሳይበላ የሚውል ሰው ከላይ የሚደርበውን በአንድ ደረጃ ያወፍር፤ የመቀመጫ ሰዓቱንም ያሳጥር። መንዘፍዘፍ ከጀመረው፣ ይልቁንም ምላሱ ከተሳሰረና ጣቶቹ አልታዘዝ ካሉት፣ አጋዘኑ ቢቀርበውም ከማማው ወርዶ ወደ ሙቀት ይሂድ።

ከአደኑ ቀን በፊት ልብሱን ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ሙሉውን ለብሶ ላብ እስኪመጣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ከዚያም በረንዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ በቂ ነው፤ ጀርባው ላይ የሚቀዘቅዝ እርጥበት የሚሰማው ሰው ልብሱ እንደማይሆነው ያውቃል። ሲያጥቡት ሽታ በሌለው ሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ይጠቡት፤ ማለስለሻ ክሩን ሸፍኖ እርጥበት የማስተላለፍ ችሎታውን ስለሚቀንስ አይጨምሩበት። ሜሪኖን ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ማስገባት ሊያሳጥረው ስለሚችል፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተው ያድርቁት።