በባቡር ሄዶ መኪና ነድቶ መመለስ፦ ከፉሪ ለቡ እስከ ድሬዳዋ

ድሬዳዋ ላይ የተገዛ መኪና አዲስ አበባ ለማስገባት ሦስት ቀን ይመድቡ፤ አንዱን ለባቡር፣ አንዱን ለምርመራና ለወረቀት፣ አንዱን ለመንገድ። ጣጣ የሚመጣው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን አንድ ለማድረግ ሲሞከር ነው። ከድሬዳዋ የሚወጣው መንገድ ከተማውን እንደለቀቀ የደንገጎን ዳገት ይያያዛል፤ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይሄድ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ጠባዩን የማያውቁት መኪና የጉዞውን ከባድ ፈተና የሚገጥመው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ሁሉ ያንን ዳገት ታሳቢ ያደረገ መሆን አለበት።

ቤት ሆኖ በስልክ የሚያልቅ

ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ሻጩ የሊብሬውን ገጾች በሙሉ፣ ቦሎውን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑን፣ እንዲሁም መኪናው አካል ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሚሸጥልዎ ሰው ስም ጋር አንድ መሆኑን ይዩ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ላይ መሸጥና ገንዘብ መቀበል በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባል ወይም ሚስት በውሉ ቀን አብረው እንዲገኙ፣ ካላገባ ደግሞ ያላገባ ማስረጃ እንዲያወጣ አስቀድመው ይንገሩት። ይህ ባለመነገሩ ብቻ ድሬዳዋ ላይ ተጨማሪ ቀናት መክረም አለ።

ደላላው «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቀብድ ላክ» ማለቱ አይቀርም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሕጉ ደህና ነው፤ ሌላ ከተማ ያለን ሰው እጥፍ አስከፍላለሁ ብሎ መመላለስ ግን ከቀብዱ በላይ ያስወጣል። መኪናውን ሳያዩ ምንም ባይልኩ ይሻላል።

ባቡሩ

ባቡር ጣቢያ ሲባል ብዙ ሰው ለገሃርን ያስባል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኛ የሚጭነው ከፉሪ ለቡ ነው፤ ከጀሞ አለፍ ብሎ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ። ባቡሩ ጠዋት ስለሚነሳ ከለገጣፎ፣ ከአያት ወይም ከሱሉልታ የሚመጣ ሰው ዋዜማውን ጀሞ ወይም ለቡ ዘመድ ቤት ቢያድር ይሻለዋል። የመነሻ ቀኑና ሰዓቱ ይቀያየራል፤ ጣቢያው ጠይቀው ይወስኑ። ትኬት ሲቆርጡም ሲሳፈሩም መታወቂያ ይያዙ። የሚሄዱበትን ቀን ሲመርጡ ማግስቱ የሥራ ቀን መሆኑን ያስቡ፤ ዓርብ የገባ ሰው ቅዳሜና እሑድን ሆቴል ውስጥ ነው የሚያሳልፈው።

በፍተሻ ላይ ስለትና ተቀጣጣይ ነገር አያልፍም። ስለዚህ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ቢላዋ ይዘው አይሂዱ፤ ዘይቱን እዚያው ይገዙታል። ከቤት መያዝ ያለባቸው ጥቂት ናቸው፦ የእጅ ባትሪ፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ጥንድ ጓንት፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር እየሠራ የመኪናውን ኮምፒውተር ስህተቶች የሚያነብ ስካነር። ከሁሉም ስካነሩ ዋጋውን ይመልሳል። እንደ ዲኤክስ ኮሮላ ያሉ የቆዩ መኪኖች መሰኪያው የላቸውም፤ ለቪትዝና ከዚያ ወዲህ ለመጡት ግን ሳይዙ አይሂዱ።

ጉዞው ሰባት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ምግብና ውሃ ይያዙ፤ የአልጋ ትኬት ካገኙ የታችኛውን ይምረጡ። የድሬዳዋ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ ባጃጅ ወይም ታክሲ ያስፈልጋል። እንደደረሱ መኪናውን ለማየት አይሩጡ። ሻጩ ጋ ደውለው አንድ ነገር ብቻ ይንገሩት፦ ጠዋት እስክመጣ እንዳትቀሰቅሰው።

ቀዝቃዛ ሞተር

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ይድረሱ። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን በእጅዎ ይንኩ። ለብ ካለ ቀድሞ ተቀስቅሷል፤ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ስለሚችል ሌላ ቀን ይቅጠሩ። ሞቆ የተነሳ ሞተር አስቸጋሪ አነሳሱንም፣ የመጀመሪያ ጭሱንም፣ የራዲያተሩን ትክክለኛ የውሃ ልክም አያሳይም።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ውሃው እስከ አፉ መሙላት አለበት። ዝገት የመሰለ ቡናማ ከሆነ መኪናው ለዓመታት በኩላንት ፋንታ በተራ ውሃ ሲሠራ ኖሯል፤ የራዲያተሩ ቱቦዎች ከውስጥ ጠበው ይሆናል። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ድርድሩን እዚያው ይጨርሱ። የሞተር ዘይት መክፈቻው ሥር ቡና በወተት የመሰለ ነገር ከተጋገረም ውሃ ዘይቱ ውስጥ መግባቱን ስለሚጠቁም አይውሰዱት።

ክዳኑን ራሱን ብዙ ሰው ንቆ ያልፈዋል። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ደንገጎ አናት ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ክፍት ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሞተር ደግሞ በተለመደው ሥራው ወደ 90 ይጠጋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፤ የሚያሰፋው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ብቻ ነው። ጎማው የተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ዳገት ላይ ያፈላል፤ ሰውም ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተበላሽቷል ብሎ ሞተር ያስፈታል። አዲስ ክዳን ትንሽ ወጪ ነው፤ ቢጠራጠሩም ባይጠራጠሩም ይቀይሩት፣ ቁጥሩ ግን የፋብሪካው ይሁን።

አሁን ክዳኑ ክፍት እንዳለ ሞተሩ ይነሳ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ይወጣል፤ ይቆማል። ለደቂቃዎች ሳያቋርጥ ከተንተከተከ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ጋዝ እያሳለፈ ነው። ውሃው ሳይሞቅ ክዳኑን ይግጠሙና ኤሲውን ከፍተው ባለበት 20 ደቂቃ ያህል ይሥራ። ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) በራሱ መነሳት አለበት። በቀጥታ ሽቦ የተሳበ፣ ቁልፍ ሲበራ ጀምሮ የሚዞር ከሆነ ለምን እንደተሳበ ይጠይቁ። በቆላ ከተሞች ቴርሞስታት (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቫልቭ) አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፤ እንዲህ ያለው መኪና ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ሲነዱት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ድሬዳዋ ላይ ጉዳቱ ባይታይም አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ይበላል፤ በዋጋው ይደራደሩበት፣ ገብተው ያስገጥሙት።

ስካነሩን የሚሰኩት እዚህ ላይ ነው። ስህተት አለመገኘቱ ብቻውን አያስደስትዎ። ስካነሩ የራስ ፍተሻዎቹን ሁኔታም ያሳያል፤ ብዙዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ወይ ባትሪው ተነቅሎ ነበር፣ ወይ ትናንት ማታ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱ በስካነር ጠፍቷል።

ፍሪሲዮን ያለው (ማርሹ በእጅ የሚቀየር) መኪና ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት፤ እያጓራ ከቆየ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ጎማው ጎን ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ደህና ቢሆንም የቆላ ፀሐይ ጎማን ያደርቃልና ጎኑ ላይ ስንጥቅ ይፈልጉ። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን)፣ ክሪኩንና የቡሎን መፍቻውን አውጥተው ይዩ።

የመጨረሻው ምርመራ ደንገጎ ራሱ ነው። ሻጩን ከጎን አስቀምጠው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይውጡና ይመለሱ። የሙቀት መርፌው መሐል ላይ ረግቶ መቆየት አለበት። ሲመለሱ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይተዉትና ክዳኑን ከፍተው የውሃውን ልክ ይዩ። መሬት ሳይንጠባጠብ ውሃ ከጎደለ ሞተሩ ውሃ ይበላል። ሻጩ ይህን ጉዞ እምቢ ካለ ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳልና አብረውት ይመለሱ። ከትኬቱ ዋጋ ጋር የሞተር ማደሻ አይወዳደርም።

ወረቀትና ገንዘብ

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አኃዝ በአኃዝ ያመሳክሩ። ሻንሲው እንደ ሞዴሉ በሞተር ክፍሉ የኋላ ግድግዳ ላይ ወይም ከፊት መቀመጫ ሥር ይገኛል። የመሞረድ ጭረት ወይም አዲስ ቀለም ካለ ያቁሙ። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ስም ማዛወሩ እዚያው ላይ ይቆማል። መኪናው ከተመዘገበበት ትራንስፖርት ቢሮ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ይጣራ፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ፋይሉ ውስጥ መኖሩን አብረው ይጠይቁ።

ውሉን ደላላ ቢሮ በተፈረመ ወረቀት ብቻ አይጨርሱ፤ ድሬዳዋ ባለው የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይፈረም። ሁለታችሁም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና መታወቂያ ያስፈልጋችኋል። ቀትር ላይ ከተማው ስለሚያርፍ ጠዋቱን ይጠቀሙ። ገንዘቡን በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) ይዞ መሄድ ብዙ ሰው ይመርጣል፤ ግን ሲፒኦ ኪስ ውስጥ ካለ የመግዛት ግፊቱ ይበረታል፣ ስሙ ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳተም ጣጣ ነው። ምርመራው ካለቀ በኋላ እዚያው ካለው የባንክዎ ቅርንጫፍ ወደ ሻጩ ሒሳብ ማዛወር ይቀላል። ከሻጩ የሚረከቡት ሊብሬው፣ የተረጋገጠው ውል፣ የመድን ወረቀቱና ሁለቱም ቁልፎች ናቸው። የመድኑ ቀን ያለፈ ከሆነ ሳያሳድሱ መንገድ አይውጡ።

የመመለሻው መንገድ

ከዋዜማው ጀምሮ ከአዲስ አበባ የገቡ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ይጠይቁ፤ ጠዋትም ይድገሙት። ታንኩን ማታውኑ ይሙሉ፤ ክፍያው በስልክ ስለሆነ ሒሳብዎ ላይ ገንዘብ ይኑር። አሥር ሊትር ውሃ ይጫኑ። ጎማውን ጠዋት ቀዝቃዛ እንዳለ በሾፌሩ በር ቋሚ ላይ በተለጠፈው ልክ ያስነፉ፤ በኋላ መተሐራ ላይ ግፊቱ ጨምሮ ቢያገኙት አያስተንፍሱ፤ ሙቀቱ ነው።

12 ሰዓት ላይ ይነሱ። ደንገጎን ኤሲ ዘግተው፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሳያጣድፉ ይውጡ። መርፌው ከመሐል ካለፈ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ይክፈቱና ጥግ ይያዙ። እንፋሎት ካልወጣና ቬንትሌተሩ ከዞረ ሁለት ሦስት ደቂቃ ባለበት ይሥራ። እንፋሎት ከወጣ ግን ወዲያው ያጥፉት። ክዳኑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይንኩ፤ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታውን ያጣምማል ወይም ይሰነጥቃል።

ከደንገጎ በኋላ ቁልቢ፣ ጨለንቆ፣ ሂርና፣ ጭሮ ይከተላሉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በቁልቢ ገብርኤል ምክንያት መንገዱ በመኪናና በእግረኛ ስለሚጨናነቅ እነዚያን ሰሞናት አይምረጡ። በኩርባዎቹ ላይ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች በኃይል ይመጣሉ፤ ጥግ ይዘው ያሳልፏቸው። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ያለው ቁልቁለት ሁለተኛው ፈተና ነው። ፍሬን ላይ ቆመው አይውረዱ፤ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዝልዎ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ወደ 2 ወይም ወደ ኤል (L) ያውርዱ። ያረጀ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ሲግል ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የማቃጠል ሽታ ከመጣ ቆመው ያቀዝቅዙት፤ ዲስኩ ላይ ውሃ አያፍስሱ።

አዋሽ አካባቢ ኬላ አለ። ወረቀቶቹን በአንድ ፋይል አድርገው በእጅ በሚደርስ ቦታ ያስቀምጡ። የማያውቁትን ሰው ዕቃ «አዳማ አድርስልኝ» ቢባሉ አይጫኑ፤ ኮንትሮባንድ ከተገኘበት ጣጣው ለመኪናውም ይተርፋል። ከሚኤሶ እስከ መተሐራ ግመልና ከብት መንገድ ያቋርጣል፤ ይህን ክፍል በብርሃን ይለፉት። ከመሸብዎት አዋሽ ወይም አዳማ ይደሩ።

የአዳማ ፍጥነት መንገድ ሲገቡ ካርድ ወስደው ሲወጡ ይከፍላሉ። የፍጥነቱ ጣሪያ 120 ቢሆንም በማያውቁት ጎማ ከ80 ባያልፉ ይመረጣል።

ሰፈር ገብተው ያቆሙበት ቦታ ላይ ካርቶን ከሞተሩ ሥር ያንጥፉ። ጠዋት የትኛው ፈሳሽ እንደሚንጠባጠብ በቀለሙ ይለያሉ፤ የውሃውንም ልክ ያኔ ደግመው ይዩ። በዚያው ሳምንት የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮና የፍሬን ዘይት ይቀየሩ። የፋይል ዝውውሩን ግን ጋራዥ ሳይገቡም ይጀምሩ፤ ፋይሉ ከድሬዳዋ እስኪመጣ ጊዜ ስለሚወስድ የሻጩን ስልክ ቁጥር አያጥፉ።