ሲሊንደሩ አልዞር ሲል ጥፋቱ የጥይቱ ነበር
እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 29 ሽጉጥ አለኝ። የሚተኩሰው .44 ማግነም የተባለውን ኃይለኛ ጥይት ነው፤ አጋዘን አድንበታለሁ። ራሴ በሞላሁት ጥይት አራት አምስቴ ስተኩስ ሲሊንደሩ፣ ማለትም ጥይቶቹን ይዞ የሚዞረው ክፍል፣ ድርቅ ይላል።

ጠረግኩት። የቀለህ ማስወጫውን ዘንግ አጠበቅኩ። ወይ ፍንክች! ሦስት ቅዳሜ እንዲሁ አለቀ።

በመጨረሻ ያልተተኮሱትን ጥይቶች በካሊፐር ለካሁ። ረዝመዋል! የተኩሱ እርግጫ እርሳሱን (ተተኩሶ የሚወጣውን የጥይቱን ጫፍ) ከቀለሁ ወደ ፊት እያወጣው፣ ጫፉም ከሲሊንደሩ ወጥቶ ዙሩን እያገደው ኖሯል።

ቀለሆቹን እኩል አድርጌ ቆረጥኩ። ክሪምፑን፣ ማለትም እርሳሱን እንዲይዝ የቀለሁን አፍ መጨምደዱን፣ ለብቻው፣ እርሳሱ ላይ ባለው ጎድጎድ መስመር አጥብቄ ሠራሁ። የባሩዱን ጭነትም አቀለልኩ። የምጠቀምበትን ኤች-110 ባሩድ ከጥይት መሙያ መመሪያው በታች መቀነስ አደገኛ ነው፤ ስለዚህ 2400 ወደሚባለው ባሩድ ቀይሬ ከመመሪያው መነሻ ልክ ጀመርኩ። የድሮ ሞዴል 29 ከባድ ጭነት ሲደጋገምበት ይላላል፣ እባካችሁ አታስጨንቁት።

አሁን አምስት ተኩሼ ስድስተኛውን ስለካው ርዝመቱ ያው ነው።