አንድ ዛፍ ምረጡ

ለዓመታት በየጠዋቱ በአንድ መንገድ በእግሬ እሄድ ነበር። ጆሮዬ ላይ ኤርፎን፣ ሐሳቤ ሥራ ላይ። አንድ ቀን ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ። ቀና ስል ጥላው የለም፤ ዛፉ ተቆርጧል። ቅጠሉ ሰፊ ነበር ወይስ ቀጭን? ላስታውስ ብል አቃተኝ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ከተፈጥሮ ጋር ለመቀራረብ ደጅ መዋል ብቻውን እንደማይበቃ ያኔ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የእንግሊዙ ደርቢ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሚያቀራርቡንን መንገዶች አምስት ብሎ ይዘረዝራል፦ በዓይን በጆሮ በእጅ መቅረብ፣ በውበቱ መደነቅ፣ ልብ የሚሰማውን ማስተዋል፣ ትርጉም መስጠትና መራራት። የዕፅዋት ስም መሸምደድ አልተካተተም። ስም ማወቅ ደግ ነው፤ ግን ከፍቅር በኋላ ቢመጣ ይሻላል ባይ ነኝ።

እንግዲህ ከቤታችሁ የማይርቅ አንድ ዛፍ ምረጡ። በየቀኑ አሥር ደቂቃ አብራችሁት ቁሙ። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያሰለቻሉ፤ ታገሡ። እኔም ሌላ ዛፍ መርጬ ስጀምር፣ በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ የጉንዳን ሰልፍ አየሁ። ወጪና ወራጁ ሲገናኙ በአንቴናቸው ተነካክተው ያልፋሉ። መንገዳቸውን በጣቴ ጠረግ አደረግኩት። የፊተኛዋ ቆመች፣ ወዲያ ወዲህ አለች፣ ዞረች። የምትከተለው ጓደኞቿ ጥለውት የሄዱትን ሽታ ነበርና ጠፋባት። ከኋላዋ ያሉትም ተደናብረው ተጠራቀሙ። አንዷ ደፍራ ተሻገረች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ጥቂት ቆይቶ ሰልፉ ገጠመ። እኔ ግን ሥራ አረፈድኩ።

ማታ ያያችሁትን አንድ ነገር በአንድ መስመር ጻፉ። ካልጻፋችሁት ይጠፋል።

ልጅ ካላችሁ ይዛችሁት ውጡ፤ አታስተምሩት፣ አብራችሁት ተገረሙ። "አትንካ፣ ይነክስሃል" እየተባለ ያደገ ሰው ፍርሃቱ ቶሎ አይለቀውም፤ እሱን ከሩቅ አስጀምሩት። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ፊቱን ቢያዞር አትጨቅጭቁት። በዚያ ዕድሜ ቅርበቱ መቀዝቀዙ የታወቀ ነው።

ደረቅ ወቅት ሲመጣ ከዛፉ ሥር ውኃ በዝርግ ሳህን አስቀምጡ። ጠጠር ጨምሩበት፤ ንብ ቆማ የምትጠጣበት ካላገኘች ትሰጥማለች።