«ቀን 5/3፣ ሰዓት 3፡00»፦ ጀማሪ የመስክ ተመራማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወዳሉት ወደ ወፍ ዋሻ ደን ወይም ወደ መንዝ ጓሳ የሣር ምድር የሚወጡ ወጣት ተመራማሪዎችን ሳሠለጥን ስለ ብርድ አልናገርም። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ መሆኑን የዘነጋ ሰው የመጀመሪያዋ ሌሊት ታስታውሰዋለች። እኔ የምጨቀጭቀው ስለ ወረቀት ነው።

«ቀን 5/3፣ ሰዓት 3፡00» ተብሎ የተሞላ ቅጽ ዛሬም ድረስ እጄ ይገባል። ኅዳር 5 ነው? ማርች 5 ነው? ወይስ ሜይ 3? ሰዓቱስ ከጠዋቱ ሦስት ነው ወይስ በፈረንጆቹ ተቆጥሮ ከቀኑ ዘጠኝ? ስጠይቅ «ጋሼ፣ እኔ አውቀዋለሁ» ይሉኛል። ዛሬማ ታውቁታላችሁ። መረጃው የሚፈለገው ግን ከዓመታት በኋላ፣ እናንተን አይቶ የማያውቅ ሰው ያንኑ ቦታ ለክቶ ለማወዳደር ሲነሳ ነው። እሱ በምን ይወቅ? ሁለት ዘመን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ባለበት አገር ይህን ለይቶ አለመጻፍ ስንፍና ነው።

በካሜራ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንድ ሠልጣኝ ዱር ውስጥ የሚተከለውን ካሜራ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ «3፡00» ብሎ ሞላው። ካሜራው የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነውና ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። በኋላ ሰንጠረዡን ሲያዘጋጅ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሜዳ ወጥተው ሣር ሲነጩ አገኘ። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ነው የሚያድረው፤ ይህን የመንዝ እረኛ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ግን «አዲስ ግኝት» ብሎ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ፎቶዎቹን ክፈት አልኩት። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች፣ የጭላዳዎቹ ጥላ ሣሩ ላይ ተዘርግቷል። ሰንጠረዡን እንጂ ፎቶውን አላየም። ስለዚህ ወሩን በስሙ ጻፉ፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በሉ። ካሜራውን ስትተክሉም የስልካችሁን ሰዓትና ቀን ፊቱ ደቅናችሁ የመጀመሪያውን ፎቶ አስነሱት። ሰዓቱ ተሳስቶ ቢገኝ እንኳ በዚያ ፎቶ ይታረማል።

ወደ ዛፍ ልኬት ስንመጣ፣ ሜትር ግንድ ላይ ሲጠመጠም የሚነግራችሁ ዙሪያውን ነው። ዲያሜትር ከፈለጋችሁ ለ3.14 አካፍሉት። ዙሪያውን ዲያሜትር በሚል አምድ የሞላ ሰው ግንዱ አግድም ቢቆረጥ የሚታየውን ገጽ ስፋት አሥር እጥፍ ገደማ አሳብጦ፣ የተጎሳቆለውን ጥድ ሁሉ ዋርካ አደረገው ማለት ነው። ልኬቱ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ነው፤ ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ በላይኛው በኩል ቁሙ።

ስለ ልኬት ከተነሳ፣ ከመመሪያ መገልበጥም አለ። አንዲት ተማሪ በጥናት ዘዴዋ ውስጥ «ዲያሜትሩ ከከፍተኛው ደጋፊ ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተለካ» ብላ ጽፋለች። ይህ የማንግሮቭ ሕግ ነው፤ ባሕር ዳር ጨዋማ ጭቃ ውስጥ ቆመው ከግንዳቸው ሥር እየዘረጉ የሚደገፉ ዛፎች የሚለኩት እንዲህ ነው። እሷ ግን የለካችው ዝግባና ወይራ ነው። ባሕር በሌለው አገር፣ ያውም ከጣርማ በር ማዶ! ሳቅን፤ እሷም ሳቀች፤ አሁን ከጎበዞቹ አንዷ ናት።

ተዳፋት ላይ የመለኪያ ገመዱን 20 ሜትር ስትዘረጉ አግድም 20 ሜትር አይደለም። በ30 ዲግሪ ተዳፋት 17.3 ሜትር ብቻ ነው። ወፍ ዋሻ ውስጥ ደግሞ ሜዳ የለም።

የቆዩት የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የቦታ መጠቆሚያ መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤሳችሁ ግን ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ሳያመሳስሉ ማንበብ ከ200 ሜትር በላይ ያሳስታል። እነዚያ ገደላገደሎች ላይ 200 ሜትር ማለት አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ከሚበቅልበት ክልል ወርዶ ጥዱ መሃል መግባት ሊሆን ይችላል።

ጅብራ የሚባለውን የደጋ ረጅም ተክል ደርቆ እያየ «የመራቆት ምልክት» ብሎ የሚመዘግብም አለ። ጅብራ አንዴ አብቦ ይሞታል፤ ተፈጥሮው ነው።

ዕፅዋትን በአካባቢ ስም ብቻ መመዝገብ ይቅር። አንዱ ስም በአንድ ወረዳና በሌላው የተለያየ ተክል ሊሆን ይችላል። አበባ ወይም ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ በጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ ተጫኑት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። በጉም ውስጥ አንድ ቀን የዘነጋችሁት ናሙና ሻግቶ ታገኙታላችሁ።

አሁን ደግሞ ትዕግሥቴን ወደሚያስጨርሰው ልምጣ። የጓሳ ጥናት ሁሉ መጨረሻ ላይ «ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ሊፈጠር ይገባል» የሚል የውሳኔ ሐሳብ አለው። ለማን? መንዞች ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓታቸው ጓሳ የሚባለውን ያንን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየዘጉና እየከፈቱ ጠብቀውታል። ሥርዓቱ የላላው በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ነው፤ ከዚያም በኋላ ጥበቃውን መልሰው ያቋቋሙት እነሱው ናቸው። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ ድረስ አብረዋቸው አሉ። ከመጻፋችሁ በፊት ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፦ ጓሳው መቼ ይዘጋል፣ ማን ያጭዳል፣ የጣሰ ምን ይቀጣል? ጥናቱ ሲያልቅም ውጤቱን በአማርኛ አሳጥራችሁ አስረክቧቸው። ውጤቱን ይዞ ሳይመለስ የቀረ ተማሪ ካለ፣ በዓመቱ የሚመጣው ሌላ ተማሪ መንገድ የሚመራው ሰው ፍለጋ መንደር ለመንደር ሲዞር ይውላል።