የራዳሩ የነፋስ መረጃ ከወቅቱ ጋር አልገጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሔ

በተወርዋሪ ኮከብ ራዳር፣ ማለትም ተወርዋሪ ኮከቦች ትተውት ከሚያልፉት ዱካ በሚመለስ የራዲዮ ሞገድ (ነጸብራቅ) ነፋስን በሚለካ መሣሪያ፣ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለውን ነፋስ የሚከታተል ባለሙያ በመካከለኛ ኬክሮስ የሚጠብቀው መልክ አለ፤ በቀዝቃዛው ወቅት ነፋሱ በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፣ በሞቃቱ ወቅት ደግሞ ከታች ወደ ምዕራብ፣ ከ90 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ወደ ምሥራቅ ይዞራል።

ምልክት፦ ወርኃዊው አማካይ ይህን መልክ አያሳይም፣ ወይም ከወር ወር ያለ ምክንያት ይዘላል።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት የናሙናው አሰባሰብ ነው። የተወርዋሪ ኮከቦች ነጸብራቅ ከጧቱ 12 ሰዓት አካባቢ በርክቶ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሚያንስ፣ የወሩን ነጸብራቅ ሁሉ በአንድ ስሌት ያጠቃለለ ሰው የለካው በአመዛኙ የጧቱን ነፋስ ነው። ፀሐይ አየሩን በማሞቅ የምታስነሣቸው ባለ24 እና ባለ12 ሰዓት ማዕበሎች በሴኮንድ በአሥሮች ሜትር የሚቆጠር ፍጥነት ስላላቸው አማካዩን ሊውጡት ይችላሉ፤ የሚበረቱበት ሰዓትም ከወቅት ወቅት ስለሚለዋወጥ ስሕተቱ ራሱ የወቅት ለውጥ መስሎ ይታያል።

መፍትሔው ነፋሱን በየሰዓቱና በየከፍታው ለይቶ ማስላት፣ ከዚያም አማካዩን ከባለ24፣ ከባለ12 እና ከባለ8 ሰዓት ማዕበሎች ጋር በአንድነት ማውጣት ነው። ነጸብራቅ ያነሰበት ሰዓት ባዶ ይቀመጥ እንጂ በዜሮ አይሞላ።

ምልክት፦ መልኩ ትክክል ሆኖ ነፋሱ አቅጣጫ የሚለውጥበት ከፍታ ተዛንፏል፣ ወይም ነጸብራቁ የሚበዛበት ከፍታ ከ90 ኪሎ ሜትር ርቋል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ በተቀባይ አንቴናዎቹ ኬብሎች መካከል ያለ የፌዝ (የሞገዱ ዑደት የደረሰበት ነጥብ) ልዩነት ነው፤ ራዳሩ ነጸብራቁ የመጣበትን አቅጣጫ የሚያውቀው አንቴናዎቹ የተቀበሉትን ፌዝ በማነጻጸር ነውና። በ200 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ከአናት በ65 ዲግሪ ባዘነበለ አቅጣጫ፣ የ1 ዲግሪ የአቅጣጫ ስሕተት ከፍታውን 3 ኪሎ ሜትር ያህል ያዛባል። የምድርን ክብነት መዘንጋትም በዚሁ ቦታ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ያጎድላል። ስለዚህ የኬብሎቹን ፌዝ ለክቶ ማረም፣ እጅግ ያዘነበሉትንም ነጸብራቆች መተው ይገባል። ከፍታውን በእጅ ገፍቶ ማስተካከል ግን ስሕተቱን መደበቅ ነው፤ ነጸብራቁ የመጣበት አቅጣጫ እንደተዛባ ይቀራልና።

ምልክት፦ ነፋሱ በተቃራኒው ይነበባል።

ሁለቱም ክፍሎች፣ ማለትም የምሥራቅ–ምዕራቡም የሰሜን–ደቡቡም፣ ከተገለበጡ የዶፕለሩ (በነፋሱ እንቅስቃሴ የሚመጣው የሞገድ ድግግሞሽ ለውጥ) የመደመርና የመቀነስ ምልክት ተሳስቷል፤ አንዱ ብቻ ከተገለበጠ የአንቴናዎቹ ቦታ ተቀያይሯል። ለመለየት የባለ12 ሰዓቱን ማዕበል መመልከት ይረዳል፤ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የነፋሱ አቅጣጫ በጊዜ ውስጥ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል፣ በደቡቡ በተቃራኒው። አንድ ክፍል ብቻ ሲገለበጥ ይህ ዙረት ይለወጣል፣ ሁለቱም ሲገለበጡ ግን አይለወጥም።