የሞንትጎመሪን አድማ ለሦስት ትውልድ እንዴት ታወያያላችሁ?

የጥቁር አሜሪካውያንን የእኩልነት ትግል ሳስተምር ከታላላቅ ንግግሮች አልጀምርም። ንግግር ያስጨበጭባል እንጂ ሥራው እንዴት እንደተሠራ አያሳይም። አያት፣ ወላጅና ልጅ አንድ ላይ አስቀምጣችሁ ልታወያዩ ካሰባችሁ በሞንትጎመሪ የአውቶቡስ አድማ ጀምሩ። በዚህች የአሜሪካ አላባማ ግዛት ከተማ ጥቁሮች የአውቶቡስ መቀመጫ በዘር መለየቱን በመቃወም አውቶቡስ አንሳፈርም አሉ።

ለወጣቶቹ መጀመሪያ የክላውዴት ኮልቪንን ስም ንገሯቸው። መታሰሯ አድማውን ካስነሣው ከሮዛ ፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ በ1955 እ.ኤ.አ. መቀመጫዬን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም ብላ ስትታሰር ዕድሜዋ 15 ነበር። ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

ከዚያ ወደ ጓዳው ሥራ ግቡ፤ እኔ ብዙውን ሰዓት የምሰጠው ለዚህ ነው። አድማው 381 ቀን የዘለቀው በጀግንነት ብቻ አይደለም። ጆ አን ሮቢንሰን ከረዳቶቿ ጋር ሌሊቱን በራሪ ወረቀት ስታባዛ አደረች። ጆርጂያ ጊልሞር ምግብ አብስላ እየሸጠች ለአድማው ገንዘብ አሰባሰበች። ባለመኪናው እግረኛውን አሳፈረ። «እኛ ብንሆን ማን ይነዳል? ገንዘቡን ማን ይይዛል?» ብላችሁ ሥራውን በስም አከፋፍሏቸው። ክርክር ይነሣል፤ አታስቁሙት።

አዛውንቶቹን «መድልዎ እንዴት ነበር?» አትበሏቸው፤ የለመዱትን መልስ ይሰጧችኋል። «ያኔ ወደ ሥራ የሚሄዱት በምን ነበር? ልጆቹንስ ማን ይጠብቅ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ካሉ ታገሡ፤ ማለፍ የፈለጉትን ይለፉት። ድምፃቸውን የምትቀዱት ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ ካመጡ ስሙንና ቦታውን ከጀርባው በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ሊዘልቅ ይችላል።